ሸክላ የለበሰው ቤት

ፒንዳ ፋማንታን በደንብ አላውቃትም። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመርን ብዙ ዓመት ስለሆነን አንባቢ ሁሉን የማውቅ ሊመስለው ይችላል። እኔ የምኖረው ከበሩ እንደተገባ በስተግራ ባለችው የኪራይ ክፍል ነው፤ እሷ ፎቅ ላይ። ጠዋት ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲጎተት እሰማለሁ። ከዚያ ሳሏን፤ ከዚያ ግቢ ወርዳ የደረቀ ዓሣዋን እየገለበጠች ከዝንብ ጋር ስትጣላ እሰማለሁ። የቀረውን ያገኘሁት ከሰው ነው። ስለ እሷ ለመጻፍ ከእኔ የሚሻል ሰው ሰፈሩ ውስጥ አይጠፋም፤ የሚሻሉት ሰዎች ግን ሁሉም ሥራ አላቸው።

እሷም እኔን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በከተማችን ሬዲዮ ጣቢያ የጠፋ ፍየልና የሰርግ ጥሪ ስለማነብ «ሬዲዮ» ነው የምትለኝ። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ፍየል ጠፋ?» ካለችኝ ደህና አድራለች ማለት ነው።

ፒንዳ ቦዞ ናት፤ ወገኖቿ ከባኒ ወንዝ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ለባሞዬ ተድራ የመጣችው በጀልባ ነው ይላሉ፤ ጎርፉ ከተማችንን ጄኔን ከቦ ደሴት ባደረገበት ወር፣ ጀልባዋ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ድረስ ገብታ። ባሞዬ የወንዶች ቀሚስ አንገት ጠላፊ፣ ጸጥተኛ ሰው ነበር። ከወለዷቸው ልጆች ያደገላቸው ሶሪ ብቻ ነው። ባሞዬ ሲሞት ሶሪ ወደ አቢጃን ሄዶ የመኪና ዕቃ መነገድ ጀመረ፤ እሷም ሰኞ ሰኞ ገበያ ላይ ዓሣዋን እየሸጠች ከቤቱ ጋር ቀረች።

«ከቤቱ ጋር» ያልኩት አውቄ ነው። የጭቃ ቤት እንደ ሽማግሌ ነው፤ ካልደገፉት ብቻውን አይቆምም። ክረምት ሳይገባ ካልተመረገ ዝናቡ እየላሰ ያሳንሰዋል። የፒንዳ ቤት ደግሞ ከአሮጌዎቹ አንዱ ነው። ከበሩ በላይ የቆመው ሰፊ ግንባሩ፣ ጫፉ ላይ የተደረደሩት ሾጣጣ ዓምዶች፣ ከግድግዳው እንደ ጣት የወጡት የዘንባባ እንጨቶች፣ ሁሉም በእጅ መዳፍ የተለሰኑ ናቸው፤ አንድም ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አታገኝበትም። ሰው መንገድ ሲያሳይ «የፒንዳን ቤት አልፈህ» ነው የሚለው።

በእኛ ዘንድ ቤት ሁሉ ግንበኛ አለው። ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚወርድ ግንበኝነቱም ይወርዳል፤ ቤቱን ያቆመው ሰው የልጅ ልጅ የባለቤቱን የልጅ ልጅ ግድግዳ ይመርጋል። ሌላ ግንበኛ ያለ እሱ ፈቃድ ያንን ግድግዳ አይነካም፤ ቢርበውም አይነካም። የዚህ ቤት ግንበኛ ጋውሱ ካምፖ ነው። ሲሠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከአባቱ የወረሰው ቃል ነው፤ ምን እንደሚል የሚጠይቀው የለም። ሳይሠራም ቢሆን ወደ መስጊድ ሲያልፍ፣ ሰው ፈረሱን መታ መታ እንደሚያደርገው ግድግዳውን በመዳፉ መታ አድርጎ ነበር የሚያልፈው።

አንድ በጋ ሶሪ ከአቢጃን መጣ። ከኋላው አንድ የጭነት መኪና በእሳት የበሰለ ቀይ ሸክላ ጭኖ መጣ። ጠፍጣፋ ነው፤ ግድግዳ ላይ በሲሚንቶ የሚለጠፍ። ደህና ገንዘብ የያዙ ሰዎች ቤታቸውን በዚህ ማልበስ ከጀመሩ ትንሽ ቆይተው ነበር። እኔ በክፍሌ በር ላይ ቆሜ ጫማዬን እጠርግ ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

«እማ፣ በየዓመቱ ጭቃ ማስቦካት ይብቃሽ» አላት። «ከእንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ቤትሽ ታጥቦ ያበራል እንጂ አይሟሟም።»

ፒንዳ አንዱን ሸክላ አንስታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። «እንዴት ነው የሚቀላው! ሂና እንደተቀባ የሙሽራ እግር» አለች። ከዚያ ሸክላውን መልሳ አስቀምጣ፣ «ጋውሱስ?» አለች።

«ባባ ጋውሱ ጭቃ ነው የሚያውቀው። ይሄ ሌላ ሥራ ነው፤ ከሳን ከተማ ሠራተኛ አምጥቻለሁ። ግድግዳውን የሚያፈርሰው የለም፤ ከላይ ማልበስ ብቻ ነው።»

የልጇን እጅ አየች፤ የሞተር ዘይት ጥፍሩ ሥር ገብቶ ቀርቷል፤ ፊቱም ከስቷል። «አላህ ይስጥህ ልጄ፤ እኔን ያለበስክ አንተን ደግሞ አላህ ያልብስህ» ብላ መርቃው ወደ ፎቅ ወጣች። ሩዝ ልትጥድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ጭስ ሳይወጣ ብዙ ቆየ።

የሳኑ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ሸክላውን ሲለጥፍ ጋውሱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ በዚያው መጣ። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ጋውሱም አንዱን አላስቀረም። ስለ ፒንዳ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ሶሪ መንገድ ጠየቀ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ገበያው፣ መሰላል ላይ ስላለው ሰውዬ እናት ሳይቀር ጠየቀ። ስለ ቤቱ ግን አልጠየቀም። ግድግዳውንም ሳይነካ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መስጊድ ሲሄድ በሌላኛው መታጠፊያ ሆነ።

የመጀመሪያው ክረምት በደህና አለፈ። ከዝናቡ በኋላ ግንባሩ ቀልቶ ሲያበራ ያለፈ ሁሉ ያደንቃል። ፒንዳ ገበያ ላይ «ልጄ አለበሰኝ» ትል ነበር። ቤቱን አለበሰው አትልም፤ አለበሰኝ ነው የምትለው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቤቱን ያለበስኩት እኔ የሆንኩ ይመስል ለእንግዳ አሳይ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት መካከል ክፍሌ ውስጥ፣ ከመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ቀዘቀዘ። መዳፌን ሳስጠጋው ረጠበ። የወንዝ ዳር አተላ የሚመስል ሽታም መጣ። ለመናገር ጥቂት ቀን አመነታሁ፤ የተከራይ አቤቱታ እንዳይመስልብኝ ብዬ። በመጨረሻ ስነግራት ወርዳ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው።

«ቤትም ያልበዋል» አለች።

ዝናቡ ሲያቆም ግድግዳው ሆድ አወጣ። ከበሩ በላይ፣ ሸክላዎቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሱ ወደ መንገዱ ገፋ ብለው ታዩ። አንዱ ወድቆ የጎረቤት ድስት ሰበረ። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ቆም ይላሉ።

«ፒንዳ! ቤትሽ አረገዘ እኮ!»

«አባቱ ማን ይሆን? ባሞዬ እንደሆነ የለ!»

«ወር ገብቶለት ይሆን? ዳቦ እንጋግር?»

ፒንዳ አብራቸው ስቃ ስታበቃ በሩን ዘጋች። እዚያ ሳቅ ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሌላ ክረምት አያሳልፍም።

ከከተማው ቅርስ ጥበቃ ቢሮ አንድ ሰውዬ የመጣው ያኔ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም አየና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«እማ ፒንዳ፣ ጭቃ ይተነፍሳል» አላት። «በሸክላና በሲሚንቶ አፉን ስናፍነው ውሃው በጣሪያው ጠርዝ ይገባና መውጫ ያጣል። ውስጡ በስብሷል። ክረምቱ ከደረሰበት ግንባሩ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ሰው እንዳይገድልም እፈራለሁ። ይህ ግንባር ደግሞ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ከተማችን የምትጠራው በእንዲህ ያሉት ነው።»

«የእኔ ብቻ ካልሆነ ዓሣ ሸተተ ሲባል ለምን እኔን ብቻ ታሙኛላችሁ?»

ሰውዬው ሳቀ። «የዓሣውን ሽታም እንመዘግበዋለን» አላት። ከዚያ እንጨቱንና የሩዝ ገለባውን ቢሮው እንደሚያግዝ ነገራት። «ግን ሸክላው መውረድ አለበት። ግንበኛውም የቤቱ ግንበኛ መሆን አለበት። ሌላ ሰው ልናዝዝልሽ አንችልም፤ ብናዝዝም የሚመጣ የለም።»

ያለው እውነት ነበር። ፒንዳ በድብቅ ወደ ሁለት ግንበኞች ልካ ነበር። አንደኛው «እጄን አሞኛል» ብሎ ጤነኛ እጁን ለመልእክተኛዋ አሳያት። ሌላኛው «ጋውሱ ሞተ እንዴ? ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ!» አለ።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ክረምት ሳይገባ ሸክላው ካልወረደና ጋውሱ ካልተመለሰ ባሞዬ ያስረከባት ቤት ይፈርሳል። ሸክላውን ማውረድ ማለት ደግሞ ልጇ በዘይት የተበላ እጁን ሸጦ ያመጣላትን ስጦታ በሰው ፊት መንቀል ነው። ያን ሰሞን ዓሣዋን ሁለት ጊዜ አሳረረች፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ለምን ራሷ ሄዳ ጋውሱን ይቅርታ አትጠይቀውም የሚል ይኖራል። የበደለ ራሱ ከሄደና የተበደለው እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ስለዚህ እምቢ የማይባል ሰው ይላካል። ጋውሱም ቦዞ ነው፤ ቦዞ እምቢ የማይለው ሰው ደግሞ ዶጎን ነው። ሁለቱ ጎሳዎች የስድብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንደ ልባቸው ይሰዳደባሉ፤ አንዱ የሌላውን ደም ማፍሰስ፣ ልመናውንም መመለስ ግን ነውር ነው።

ሰኞ ገበያ ላይ ከፒንዳ አጠገብ የሚቀመጠው የሽንኩርት ነጋዴ አናዬ ጊንዶ ዶጎን ነው። ከገደሎቹ አገር ሽንኩርቱን ጠፍጥፎ፣ አድርቆ ያመጣል። ያን ሰኞ ፒንዳን አጎንብሳ ዝም ብላ ሲያያት አላስቻለውም።

«አንቺ የዓሣ ቅርፊት! ምን ሆነሽ ነው አፍሽ የተዘጋው? አጥንት ተሰንቅሮብሽ ነው?»

«ጠረንህን ላለመሳብ ብዬ ነው፣ አንተ ሽንኩርት። ተንፍሼ ልሙት?»

«እሰይ! አለች! እኔማ ሞታ ነው ብዬ ዓሣዋን ልወርስ ነበር።»

«የእኔን ዓሣ? ዶጎን ዓሣ ከየት አውቆ! ድንጋይ ስትግጡ ያደጋችሁ።»

ከዚያ ነገረችው። አናዬ እየሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ቦዞን ማን ከውሃ ውጣ አለው!» አለ። «ዓሣ ልብስ ሲለብስ እንዲህ ነው። በይ ኮላውን አምጪ።»

የኮላውን ፍሬ፣ ለልመና የሚሄድ ሰው ይዞት የሚሄደውን መራራ ፍሬ፣ እኔ እንድይዝ ተደረገ። «ሬዲዮ፣ አንተ ያዝለት» አለችኝ ፒንዳ፤ «ለዶጎን ከሰጠሁት መንገድ ላይ አኝኮ ይጨርሰዋል።» እንዲህ ሆኖ ነው ነገሩን በዓይኔ ያየሁት፤ አለዚያ ሰው ቤት እንዲህ ባለ ጉዳይ የምገባ ሰው አይደለሁም።

ጋውሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የዶማ እጀታ ይጠርባል። አናዬ ሰላም አላለውም። አጠገቡ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ እግሩን ዘረጋ።

«ተነሥ፣ አንተ እንቁራሪት! እንግዳ መጥቶ ውሃ የለም?»

«እንግዳ የታል? የሚሸተኝ የሽንኩርት ጆንያ ብቻ ነው።»

«ከዚህ ደጃፍ አልነሣም። እዚሁ እሞታለሁ። መቅበሪያዬም በአንተ ላይ ነው።»

«ሙታ! ማን ያለቅስልሃል? ሽንኩርትህ ካላስለቀሰ።»

የጋውሱ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቁን ይዞ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ማን ላካችሁ?» አለ።

«ቤቷ ያረገዘባትና አዋላጅ ያጣች ሴት» አለ አናዬ።

ጋውሱ ቢላዋውን አስቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ፤ ቁጣ ግን አይደለም። «እኔን ያስቀየመኝ ሸክላው አይደለም» አለ። «ሰው ልብስ ይቀይራል። አልነገረችኝም። አባቴ ከመሞቱ በፊት ቤቶቹን በየባለቤቶቻቸው ስም እየጠራ አስረከበኝ፤ ሌላ ያስረከበኝ ነገር የለም። ፒንዳ ያን ቀን ‹ጋውሱ፣ ልጄ እንዲህ ሊያደርግ ነው› ብትለኝ እምቢ ብዬ አልጣላትም ነበር። ምናልባት መሰላሉንም እይዝለት ነበር። ሳይነግሩህ ሲቀሩ ግን ሞተሃል ማለት ነው። ከሞትኩ ምን እሠራለሁ ብዬ በሌላ መንገድ ሄድኩ።»

አናዬ ይህን ሁሉ ሳይቀልድ ሰማው። ከዚያ ከእጄ አንድ ኮላ ወስዶ ለሁለት ገመሰና ግማሹን አቀረበለት። ጋውሱ ፍሬውን ሲያየው ቆየ።

«ሌላ ሰው ይዞት ቢመጣ አልወስደውም ነበር» አለ።

«ሌላ ሰውማ ማን ይልክብሃል? ክብር አለህ እንዴ?»

ጋውሱ ግማሿን ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተ። እያኘከ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ንገሯት። እመጣለሁ። ሸክላውን ግን እኔ አልነቅልም። ልጇ የሰጣትን እኔ ብነቅል ከልጁ ያጣላኋት እኔ እሆናለሁ። የተቀበለው እጅ ያውርደው።»

ስነግራት፣ ያልጠበቀችው ነገር አልነበረም መሰለኝ። «ስልክህን አውሰኝ» ብቻ አለችኝ። ጣሪያው ላይ ወጥታ ለሶሪ ደወለች። እኔ ግቢ ነበርኩ፤ ከላይ የእሷ ድምፅ ብቻ ይወርዳል።

«ሸክላህ ቆንጆ ነው ... አይ፣ ሸክላው አልተሰበረም። ቤቱ ነው ያረጀው። ልብሱ ከበደው ... አይደለም ሶሪ፣ አንተ ምን አጠፋህ? ... ስማኝ። እናትህ በሸክላው ኮርታለች፣ ከተማው በሙሉ ይመሰክራል። አሁን ላወርደው ነው፤ ከሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው ... አላለቀስኩም። ጉንፋን ነው።»

ስልኩን ስትመልስልኝ ሙቀቱ እጄ ላይ ተሰማኝ። «ምን አለ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ራሷ ግን፣ «‹ጋውሱን ሰላም በይው› አለኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት መንገዱ ሞላ። ፒንዳ የባሞዬን ዶማ ይዛ ወጣች። ከበሩ ጎን ዝቅ ያለው መስመር ላይ ጫፉን አስገብታ አንዴ ነቀነቀችው፤ ሸክላው በመዳፏ ላይ ወረደ። ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ አጥሚት ተከትሎ ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም። ሸክላውን አቅፋ ቆመች፤ ጋውሱ ከሰዉ መካከል ወጥቶ በተራቆተው ግድግዳ ላይ መዳፉን ለጠፈ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«የቀረውን እናንተ አውርዱ፣ ግን እንዳትሰብሩ!» አለች ፒንዳ። «አንዱም ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ምን ልታደርጊው ነው? ልትበይው?» አለ ጋውሱ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር። በሁለት ዓመት ውስጥ ለቤቱ ባለቤት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«አንተ ዝም በልና ግድግዳህን ሥራ!»

«ግድግዳህን» ስትለው ሰማ። እኔም ሰማሁ። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ አቧራ ነበረ፣ እውነት ነው።

ሥራው እስከ በጋው መጨረሻ ድረስ ቆየ። ሆድ ያወጣው የግድግዳ ክፍል ተቆርጦ እስከ ወገቡ ወረደ፤ እንደ አዲስ በጭቃ ጡብ ተነሣ። በመንገዱ ዳር በተቆፈረው ጉድጓድ ጭቃው ከሩዝ ገለባ ጋር ሲብላላ ሽታው ሰፈሩን ያዘው፤ የዓሣውን ሽታ አስረሳን። የቅርስ ቢሮው ሰውዬ የዘንባባውን እንጨት አስመጥቶ ሱሪውን ሰብስቦ አብሮ ተሸከመ። የሰፈሩ ወጣቶች በቅርጫት ጭቃ ሲያቀብሉ፣ ሴቶቹ ውሃ ሲያመላልሱ ፒንዳ በትልቅ ድስት ሩዝ በዓሣ ትሠራለች። «ብሉ፣ ብሉ፤ ግድግዳ በባዶ ሆድ አይቆምም» ትላለች። እንደዚያ ሰሞን ብዙ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ለእያንዳንዱ ቅርጫት ምርቃት ነበራት፤ ለአንዱ ልጅ፣ ለአንዱ ጤና፣ ሚስት ላጣው ሚስት።

ግንባሩ ሲያልቅ ጋውሱ ሸክላውን አየ። ግቢው ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተደርድሯል።

«አሁን ይሄን ምን ልናደርገው ነው?»

ፒንዳ የመታጠቢያውን ጥግ አሳየችው። በእኛ ቤቶች ግድግዳ የሚበላው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ የምናፈሰው የመታጠቢያና የዓሣ ማጠቢያ ውሃም ከሥር ይቦረቡራል። «እዚህ ወለሉ ላይ ንጠፍልኝ» አለችው። «ውሃ ሲያጥበው ያበራል ተብሎ የለ?»

«እኔ ሸክላ አልነካም።»

«ከግድግዳ ላይ አልነቅልም ነው ያልከው። ወለል ላይ አላነጥፍም አላልክም።»

ጋውሱ አሰበበት። በእውነት አስቦበት ነው፤ ጢሙን እያሻሸ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የመጀመሪያውን ሸክላ አስቀመጠ። ከመታጠቢያው አልፎ ዓሣ እስከሚታጠብበት ድረስ ነጠፈው፤ አንድም አልተረፈም። ውሃ ስታፈስበት ወደ ቦዩ ተንደርድሮ ይወጣል።

የዚያ ክረምት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ወረደ። በመስኮቴ ሳይ ጋውሱ ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር ቆሞ ርሷል፤ ውሃው ከአሸንዳዎቹ እንዴት እንደሚወርድ ያያል።

«ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸች ፒንዳ ከላይ። «ትሟሟለህ!»

«እኔ ጭቃ ነኝ፣ ጭቃ ምን ይሆናል?»

«ጭቃ ከሆንክ ገለባ ይጨመርብህ! ግባ፣ ሩዝ አለ!»

ገባ። የእኔም ግድግዳ ደረቅ ነበር። በዚያ ክረምት ሁሉ፣ ጠዋት ስነሣ መዳፌን አስደግፌበት አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ማንም ሳያየኝ።

ሶሪ ለአረፋ በዓል መጣ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ግንባሩን ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ሰላም ብዬው ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ በዚያች ሰዓት የሰው ዓይን የሚፈልግ አልመሰለኝም። እግሩን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲዘልቅ ግን ሰማሁት። ቆመ። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ በባዶ እግሩ ሸክላው ላይ ሲመላለስ ቆየ፤ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ውሃ ሲፈስ የተሰማው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ከሶላት በኋላ ኮላ ገዝቶ ራሱ ጋውሱ ዘንድ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ጋውሱ ትከሻውን ይዞት ነበር፤ ከደጃፉ ሲደርሱም ሁለቱም ግድግዳውን መታ መታ አደረጉት።

ማታ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ፒንዳ እጇን ዘርግታ ምርቃት አወረደች። ባሞዬን አላህ እንዲምረው፤ ሶሪን ላለበሳትና ላልተቀየማት እንዲባርከው፤ ጋውሱን ለሁለቱ እጆቹ፤ የቢሮውን ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ስለገባ። «አናዬንም» አለች፤ «ሽንኩርት ቢሆንም አላህ ፈጥሮታልና ዕድሜ ይስጠው። ሬዲዮንም፣ ኮላ ስለተሸከመ።» አሚን አልን። እኔ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ እንዲህ ባለ ምርቃት ውስጥ መግባት የሚገባኝ አልመሰለኝም፤ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሶሪ ወደ አቢጃን ከተመለሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ፒንዳ ግቢ ውስጥ ሩዝ እየለቀመች አገኘኋት። አንድ ነገር በልቤ ከቆየ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። የውሃ ዳር ልጅ ናት። ጭቃና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከማንኛችንም በፊት ታውቃለች። ያን ቀን፣ ሸክላውን በጥፍሯ መታ መታ ስታደርግ፣ ስለ ጋውሱ ጠይቃ የልጇን እጅ ስታይ፣ ፊቷን አይቼዋለሁ።

«እማ ፒንዳ» አልኳት፤ «ሸክላው ከመኪናው ሲወርድ፣ ቤቱን እንደሚጎዳው ታውቂ ነበር?»

ጣቶቿ ከሩዙ ላይ ቆሙ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

«እሱን አልነግርህም» አለች፣ አንዲት ጠጠርም ለቅማ ወደ ውጭ ወረወረች።